የጌትነት ዋስ

ጌትነት ላይ የዚያን ሰሞን ያህል ተናድጄ አላውቅም። አንኮበር ድረስ የወሰደኝ ንዴት እንደነበር አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ ሰው ሁሉ ያመነው ሌላ ነገር ነውና።

ስሜ ትዕግስት ይባላል፤ ነርስ ነኝ። ጌትነት ጤና መኮንን ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ የወረዳ ሆስፒታል ለዓመታት አብረን ሠርተናል። የአንኮበር ቄስ ልጅ ስለሆነ ቁስል ሲሰፋ ሳይታወቀው ዜማ ያንጎራጉራል፤ በሽተኞቹም «ዶክተር፣ አታቋርጥብን» ይሉት ነበር። ዶክተር አለመሆኑን ቢነግራቸውም አይሰሙትም። በመካከላችን የወንድና የሴት ነገር አልነበረም። ተረኛ ስንሆን ምሳ የምንካፈል፣ አንዳችን ሲደክመን ሌላችን የምንሸፍን የሥራ ጓደኛሞች ነበርን።

ሆስፒታላችን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሰው አልነበረውም። ምጥ የጠናባትን ሴት በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን እንልካለን። አንድ ክረምት አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ተያዘና አንዲት እናት መንገድ ላይ እጃችን ላይ ሞተች። ጌትነት ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪ መማር አለብኝ አለ። ከኪሱ ከፍሎ የሚማርበት አቅም ስላልነበረው ለስፖንሰር ተወዳደረና አለፈ።

ስፖንሰር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤትህ ደመወዝህን ሳያቋርጥ፣ የትምህርቱንም ክፍያ ችሎ ያስተምርሃል። ስትመረቅ ተመልሰህ በውሉ ላይ የተጻፈውን ዘመን ታገለግላለህ። ካልተመለስክ የወጣብህን ሁሉ ትከፍላለህ። አንተ ከጠፋህ ደግሞ ዋስህ ይከፍላል። ዋሱ ቋሚ ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት።

የጌትነት ዋስ እኔ ነበርኩ። ማንም አልገፋፋኝም። ስፈርም «ስመለስ ደግሞ ያንቺ ዋስ እኔ ነኝ» አለኝ። እኔም የማዋለድ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ሐሳብ ነበረኝ፤ ተራዬን እጠብቅ ነበር።

የትምህርቱ ሁለተኛ ዓመት ሲጋመስ ስልኩ ዝግ ሆነ። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት፤ በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ የሚታወቅ አልነበረም። ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊው አስጠራኝ።

«ሲስተር፣ ጌትነት ትምህርቱን አቋርጧል። ከፋሲካ ወዲህ ክፍል ገብቶ አያውቅም ብለው ጽፈውልናል» አለኝ።

«የት ሄዶ?»

«እሱን ከአንቺ ነው የምንጠብቀው። ወይ እሱን ታቀርቢያለሽ፣ ወይ ከደመወዝሽ መቁረጥ እንጀምራለን።»

«የኔስ ስፖንሰር? ዘንድሮ ተራዬ ነው እኮ።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ብዕሩን አስቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «በዋስትና ዕዳ ያለበት ሰው አይወዳደርም፤ መመሪያው ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ቤተሰቦቹ አንኮበር አይደሉም? እስኪ ሂጂ፤ ምናልባት እዚያ ተደብቆ ይሆናል» አለ።

«ተደብቆ» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ተሰካብኝ። የክፍል ጓደኞቹ ጋ ደወልኩ፤ አንዱ «ትቶ ሄደ እንጂ ምንም አልነገረንም» አለኝ። እናቴ በኔ ደመወዝ ነው የምትኖረው። ያለችኝ ተስፋ ያቺው ትምህርት ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ጌትነትን በሐሳቤ ስሞግተው አደርኩና በማግስቱ ጉዞ ጀመርኩ።

ፍልሰታ ነበር። ከደብረ ብርሃን የተነሳው ሚኒባስ ጭጋግ ውስጥ እየዳሰሰ ነው የሄደው፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገዱን ዳር ይፈልጋል። የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ላይ ወርጄ የአባቱን የመምሬ ተክሌን ቤት ስጠይቅ አንዲት ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝና በጣቷ ቁልቁል አሳየችኝ። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ለአባትየው የምናገረውን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። የተከበሩ ካህን ነዎት፣ ልጅዎ ግን የድሃ ልጅ ደመወዝ ሊያስበላ ነው፣ ካለበት ያውጡት፤ እንዲህ ልላቸው ነበር።

ደጁ ላይ ያገኘኋቸው ግን እናቱን ነው። እማማ አስካለ ገብስ እየለቀሙ ነበር፤ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የጌትነት ዓይን የሆነ ሴት። ሰላምታ ሰጥቼ የጌትነት የሥራ ባልደረባ መሆኔን፣ ስሜም ትዕግስት እንደሚባል ነገርኳቸው።

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ትዕግስት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ያውቁኛል እንዴ?»

«ምን ነካሽ፣ ልጄ! ስምሽን ስንቴ ጠርቶልኛል። አንድ ቀን ይዣት እመጣለሁ፣ አይተሽ ትመርቂያታለሽ ብሎኛል» አሉና ከመቀመጫቸው ተነስተው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «እሱስ? ከኋላ ነው?»

እኔ እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከኋላዬ ይጠብቁታል።

«አልመጣም። እኔም ስልኩ አልሠራ ስላለኝ ነው… እዚህ እንዳለ ብዬ…»

«ኔትወርኩ ነዋ፣ ልጄ። እኔንም ከደወለልኝ ቆይቷል። መምሬ ግን ወሬውን ይሰማሉ፤ ፈተና ላይ ነው ብለውኛል። ትምህርቱ እንዲህ ቀልድ አይደለም አሉ።»

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የነደደው። እናትየው የማያውቁትን አባትየው ያውቃሉ ማለት ነው። ፈተና ላይ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። መምሬ ዋሽተዋል። ካህን እንዲህ የሚዋሽ ከሆነ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ደመደምኩ፤ የሰው ሀብት ኃላፊው ያለኝ እውነት መሰለኝ። እስኪመጡ ልጠብቅ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እማማ አስካለ አላረፉም። ውጪው ስለቀዘቀዘ ውስጥ አስገብተው የበግ ጸጉር ባና አለበሱኝ። ወላጆቼን ጠየቁኝ፤ አባቴ መሞቱን ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምጾም፣ ቁርባን አስቤ እንደማውቅ ጠየቁኝ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሴትዮዋ ምራታቸውን እየመረመሩ ነበር።

«እማማ፣ እኔና ጌትነት እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ፣ አፍሽን አላስከፍትም። በወጉ ሽማግሌ ይልካል፤ የቄስ ልጅ ነው» አሉና እየሳቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ፣ ታጥፎ የኖረበት መስመር ያልለቀቀው ነጠላ ይዘዋል። «ይኼን ሲመረቅ ለብሼው እሄዳለሁ ብዬ ነበር ያሠራሁት። አንቺን ሳይ ግን አሳሳኝ» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ላወልቀው ስል እጄን ያዙኝ።

መምሬ ተክሌ የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጃንጥላቸውን በራፍ ላይ አራግፈው ገቡ። ተነስቼ መስቀል ተሳለምኩ። እማማ አስካለ ሳያስጨርሱኝ «መምሬ፣ ትዕግስት ናት! የጌትነት ትዕግስት!» አሏቸው።

መስቀሉን የያዘው እጃቸው ግንባሬ ላይ ቆመ። ፊታቸውን ለማየት ቀና ስል እሳቸው የሚያዩት ትከሻዬ ላይ ያለውን ነጠላ ነበር።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ። ቀጥለውም «ቤተ ክርስቲያናችንን አታውቂውም። ሳይመሽ ልሳለም በይ፤ ነይ ላሳይሽ» አሉኝ።

«ኧረ መጀመሪያ እህል ትቅመስ» አሉ እማማ አስካለ።

«እንመለሳለን፣ አስካለ።»

ፊት ፊት እየመሩ ወሰዱኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆሙ። ከሥራችን ያለው ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ምንም አይታይም። እዚያ ላይ አፌን ከፈትኩ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጌትነት የት ነው? ፈተና ላይ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። እኔ ዋሱ ነኝ። አምኜው ነው የፈረምኩለት። አሁን ከደመወዜ ሊቆረጥ ነው፤ ትምህርቴም ሊቀር ነው። እሱ ተደብቆ እኔ የምከፍልበት ምክንያት ምንድነው? እናቴ በማን ትኑር? እርስዎ የእግዚአብሔር ሰው ነዎት…»

ብዙ ተናገርኩ። አላቋረጡኝም። ዓይናቸውን ከጭጋጉ ላይ ሳይነቅሉ ሰሙኝ። በመጨረሻ «ጨረስሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«ጌትነት የለም።»

«የለም ማለት?»

«ባሕር በላው።»

መጀመሪያ ቃሉ አልገባኝም። መምሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እኔንም በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡኝ።

«ለፋሲካ መጥቶ ነበር» አሉ። «አጥንቱ ወጥቷል። ታመመ ብለን ደነገጥን። ለእናቱ ትምህርት ነው አላት። ለእኔ ግን እዚሁ፣ አንቺ በተቀመጥሽበት ተቀምጦ ነገረኝ። ደመወዙ ከቆመ ወራት ሆኖታል። በጀት የለም፣ ጠብቅ አሉት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከስፖንሰርህ ክፍያ ካልመጣ አትቀጥልም አለው። የቤት ኪራይ የለ፣ የሚበላ የለ። በሬ ልሽጥ አልኩት። አንዱን በሬ ብትሸጥ ይቺን ወር ነው፣ የሚቀጥለውስ አለኝ።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«አንቺንማ በጣም ፈራሽ። ትምህርቱን ብተው ዋሴን ያስከፍሏታል፤ አረብ አገር ተሻግሬ ሠርቼ የመንግሥትን ገንዘብ እመልሳለሁ፣ የሷን ደመወዝ አላስነካም አለኝ። ይህ መንገድ ሰው ይበላል ብዬ ለመንኩት። ሰማኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ልመለስ ብሎን ወጣ።»

ከጎረቤታቸው ልጆች አንዱ አብሮት ሄዶ ነበር። ጅቡቲ ዳርቻ በአንድ ጀልባ ተሳፈሩ፤ ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭና ነበርና ባሕር መሃል ተገለበጠች። ጎረቤትየው መዋኘት ሳያውቅ አንድ ባዶ ጀሪካን ይዞ ዳነ። ጌትነትን ሲሰጥም በዓይኑ አይቷል። አገሩ እንደተመለሰ ቤቱ ሳይገባ ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ለመምሬ ነገራቸው። ይህ የሆነው ክረምቱ ሲገባ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መምሬ ይህን ሲያወሩ፣ ገና እንባዬ ሳይመጣ፣ አንድ ሐሳብ ቀድሞ መጣ፦ ከሞተ ዋስትናው ይቀራል። ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ለአንዲት ቅጽበት ሲነሳ ተሰማኝ። ቀጥሎ ያሰብኩትን ሳውቀው ከመምሬ ፊቴን አዞርኩ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጌትነት ይሁን ስለ ራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

ሲቀለኝ «እማማ አያውቁም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

መምሬ ጥምጥማቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ያለ ጥምጥም ሌላ ሰው መሰሉ፤ ራሳቸው ሸብቶ፣ አንገታቸው ቀጥኖ።

«በዚህ ደብር ሰው በሩቅ ሲሞት መርዶ የማረዳው እኔ ነኝ» አሉ። «ስንት እናት አርድቻለሁ። እንዴት እንደሚጀመር፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚይዛት፣ ሁሉን አውቃለሁ። ለአስካለ ግን አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬ ነገ ስል፣ የዘር ጊዜው ይለፍ ስል፣ ጾሙ ይፈታ ስል ይኸው። በየማለዳው ለእሱ ጸሎት አደርግና ቤቴ ገብቼ ፈተና ላይ ነው እላታለሁ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ አስካለ ብቻቸውን አልነበሩም። ሁለት ጎረቤቶች ጠርተው እኔን ሊያሳዩ ተቀምጠዋል። ጓዳ ውስጥ ጌሾ ሲወቀጥ ይሰማል፤ «ለምን እንደምጠምቅ እናንተ አትጠይቁኝ» እያሉ እማማ አስካለ ይስቃሉ። ጎረቤቶቹ ግን አልሳቁም። አንደኛዋ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ የተረዳሁት መንደሩ ሁሉ ማወቁን ነው። የማያውቁት እናትየው ብቻ ነበሩ።

መምሬ በራፉ ላይ ቆመው ይህን ጥቂት አዩ። ከዚያ ተመልሰው ወጡ። እኔም የት እንደሚሄዱ ገባኝ።

መኪና በዚያ ሰዓት ስለማይገኝ፣ መንገዱም ስለማይታመን አደርኩ። ራት ቀርቦ እማማ አስካለ በእጃቸው አጎረሱኝ። መምሬ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን አድራለሁ ብለው ስለላኩ እኔና እማማ ብቻ ነበርን። አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኛን። ጌትነት በልጅነቱ ፍየል እግሯ ሲሰበር በሸምበቆ እንዳሰረላት፣ ፍየሏም ድና እንደወለደች አወሩልኝ። «ያኔ ነው ሐኪም የሆነው» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እስትንፋሳቸውን እያዳመጥኩ ይህ እንቅልፍ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ሊነጋጋ ሲል እማማ አስካለ ቀድመውኝ ተነስተው መቀነታቸውን ይታጠቁ ነበር። ውጪ ጭቃ የሚረግጥ እግር ተሰማ። አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ነው። ወሬ የለም፣ ሳል ብቻ።

እማማ አስካለ ጆሯቸውን አቀኑ። በአገሩ ወግ ሰው በዚህ ሰዓት በብዛት ተሰብስቦ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄደው ለመርዶ ነው። እሳቸውም ያውቁታል።

«አይ የማን ይሆን፣ ምስኪን» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። «ልጄ፣ አንቺ ተኚ፤ እኔ ሰው ላረዳ ነው፤ ሊጠሩኝ ነው የመጡት።»

ተነስቼ አጠገባቸው ቆምኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ ሁሉም ተከናንበዋል። ፊት ለፊት መምሬ ቆመዋል።

«ገና ሳልደርስ ነው እንዴ የመጣችሁት? የማን ቤት ነው?» አሉ እማማ አስካለ።

ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው በግራና በቀኛቸው መጡ። እማማ አስካለ አንደኛዋን አዩ፣ ሌላይቱን አዩ። ይህን አቋቋም ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ በእነሱ ቦታ ቆመዋል።

«መምሬ» አሉ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። «የማን ነው?»

«የእኛ ነው፣ አስካለ።»

ያን ጊዜ የወጣውን ጩኸት አልገልጸውም። ሆስፒታል ስሠራ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ ያን የመሰለ ግን አልሰማሁም። ሴቶቹ ባይይዟቸው ኖሮ ፊታቸውን በድንጋዩ ይፈጠፍጡት ነበር። መምሬ ያው ቦታ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ሊያጽናኑ የሚናገሩት ቃል ሁሉ ጠፍቷቸው «አስካለ፣ አስካለ» ብቻ ይላሉ።

ፀሐይ ስትወጣ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። እማማ አስካለ ድምፃቸው እስኪዘጋ ካለቀሱ በኋላ በዓይናቸው እኔን ፈለጉና ክንዴን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ።

«ትናንት መጣችልኝ» አሉ ለሴቶቹ። «ሚስቱ ናት። ሊያገባት ነበር። ይቺን ምን ልበላት?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት አሮጊት መጥተው አቀፉኝና «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሳታይው ቀረሽ» አሉኝ። ከወንዶቹ ወገን መምሬ አዩኝ። እጮኛው አለመሆኔን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ዓይናቸው ልናገር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

እንዲህ ሆነና ዕዳ ልጠይቅ የሄድኩበት ቤት እንደ ሟች እጮኛ ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይለኛል፤ እኔም ያጽናን እላለሁ። መጀመሪያ ማታለል መስሎኝ ነበር። እያደር ግን ለቅሶዬ እውነተኛ ሆነ። እስከ ሠልስቱ ድረስ አልተለየኋቸውም።

ከዚያስ በሉኝ። ሞቱ ዋስትናውን ያስቀራል ብዬ ያሰብኩት ሐሳብ፣ ያ ያሳፈረኝ ሐሳብ፣ እንዲያውም አልተሳካም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ መምሬ ራሳቸው አንስተውት የሞት ማስረጃ ለማውጣት አብረውኝ ቀበሌ ሄዱ። ጸሐፊው በአክብሮት ተቀበላቸው።

«አስከሬኑ የታለ፣ አባ?» አላቸው።

«ባሕር ውስጥ ነው፣ ልጄ።»

«ያየ ምስክርስ?»

ያየው ልጅ ደላሎቹ ያስፈራሩት ይሁን ሕጉን ፈርቶ፣ ለቅሶው ሳያልቅ ከአገር ወጥቷል። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው «በዚህ ልማልልህ» አሉት። ጸሐፊው ተነስቶ መስቀሉን ተሳለመ፤ ተሳልሞም «አባ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ ወረቀቱ ግን አያምንም። ጠፋ ለማስባልም ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም ዓመታት ይፈልጋል» አላቸው።

ስለዚህ ጌትነት በመንደሩ ተለቅሶለት፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ግን ትምህርቱን አቋርጦ የጠፋ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ደመወዙን ያቆመበት መሥሪያ ቤት የከፈለለትን ከእኔ መቁረጥ ጀመረ። ባልከፈላችሁት ወራት አይደለም ወይ የጠፋው ብዬ ጠይቄያለሁ። እሱ የበጀት ጉዳይ ነው፣ ይሄ የውል ጉዳይ ነው ተብያለሁ። የዚያን ዓመት የስፖንሰር ዕድል ሌላ ሰው ሄደበት። ሆስፒታላችን እስካሁን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ የለውም፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ዛሬም በአምቡላንስ እንልካለን።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ለሰው ዋስ አትሁኑ ልላችሁ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲያ በይ ብሎኛል። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ወረቀት ላይ ስንፈርም የምንፈራው ሰውየው እንዳይከዳን ነው። ጌትነት አልከዳኝም። አለመክዳቱ ነው የገደለው። ለልጆች «ተማሩ፣ መንግሥት ይረዳችኋል» የምንል ሁሉ፣ ርዳታው መንገድ ላይ ቢቆም ልጁ ምን እንደሚበላ አብረን ብናስብ፤ ዝም ያለው ጓደኛችንም ደኅና ስለሆነ ነው ብለን ባንተወው። የጠፋ ሰው ሁሉ የሸሸ አይደለም። ዛሬ ሰው ስልኩን ሲዘጋብኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እሄዳለሁ፤ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ መምሬ እውነቱን ለእማማ አስካለ ነገሯቸው፤ እጮኛው ሳልሆን ዋሱ መሆኔን። አንድ ቀን እማማ አስካለ ጥቁር እንደለበሱ ሆስፒታል ድረስ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ተሸማቀቅኩ። የተረኛ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ዋሱ ነሽ አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያኔ መናገር አቅቶኝ ነው።»

«አሁንም ይቆርጡብሻል?»

«ይቆርጡብኛል።»

«ሲቆርጡብሽ የማን ብለው ነው?»

«ስሙን ጽፈው ነው፣ እማማ። ጌትነት ተክሌ ብለው።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ።»

ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ፍትሐቱ ተደርጎ መቃብር የሌለው ልጅ፣ ስሙ በሕይወት እንዳለ ሰው የሚጻፍበት ቦታ ይህ ብቻ እንደሆነ እኔም ገና ያን ጊዜ ነው የታሰበኝ።

«ወረቀቱ አለሽ?» አሉኝ።

ከኪሴ የወሩን የደመወዝ ወረቀት አውጥቼ መስመሩን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም። በጣታቸው ፊደሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነኩት።

«አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ጌትነት ተክሌ» ብዬ አነበብኩላቸው።

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።